የጁሙዓ ማስታወሻ፦ አንድ መርከብ፣ ሁለት ፎቅ

 

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ዛሬ ስለ ዝናብ እናውራ። ስለ ደባርቅ፣ ስለ ዳባትና ስለ ስሜን ግርጌ ወንድሞቻችንም እናውራ። ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጁሙዓ ቀን ኹጥባ እያደረጉ ሳለ አንድ ሰው ገባና ከብቱ እያለቀ፣ መንገዱም እየተቋረጠ መሆኑን ነገራቸው። ዝናብ እንዲለምኑላቸውም ጠየቀ። እጃቸውን አንስተው ለመኑ። በሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና እንኳ አልነበረም። ደመናው ከተራራው ጀርባ ብቅ አለ፣ ተስፋፋ፣ ዘነበ። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ አላዩም። በቀጣዩ ጁሙዓ እንደገና በዚያው በር ሰው ገባ። አሁን ስሞታው ተገላብጧል፤ ንብረት የሚያጠፋውና መንገድ የሚቆርጠው ራሱ ዝናቡ ሆኗል። እንዲቆም ለምኑልን አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዝናቡ ጨርሶ ይጥፋ ብለው አልለመኑም። በእኛ ላይ ሳይሆን በዙሪያችን ይሁን፣ በኮረብታው፣ በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበት ስፍራ ይውረድ ብለው ነው የለመኑት።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ድርቅና ጎርፍ ጠላቶች አይደሉም፤ በአንድ ሳምንት ልዩነት በአንድ በር ይገባሉ። ሁለተኛ፣ ያው ዝናብ ራቁት መሬት ላይ ሲወርድ ጥፋት ነው፤ ዛፍ በሚበቅልበት ሲወርድ ረሕመት ነው። የዛሬው ወሬያችን በዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

■ ገብሱ ከዚህ በላይ ወዴት ይውጣ?

ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትጓዙ መጀመሪያ ዳባትን፣ ቀጥሎ ደባርቅን ታገኛላችሁ። ከደባርቅ መንገዱ በሊማሊሞ ተጠማዝዞ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በስተምሥራቅ የስሜን ተራሮች ቆመዋል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ላይ ደገኛው ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል። ታች ቆለኛው ማሽላ ይዘራል፣ ፍየል ያረባል። አንድ ተራራ፣ ሁለት ኑሮ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በጃናሞራ፣ በጠለምትና በበየዳ ከዳ። ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ወጣ። በዚያው ክረምት ከኢትዮጵያ እጅግ የራቀው የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ከልኩ በላይ ሞቆ ነበር። ኤልኒኞ ይሉታል። ያ ውቅያኖስ ሲሞቅ የነፋሱ አቅጣጫ ይዛባል፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የሚመጣው የክረምት ዝናብም ይሳሳል። በ2007ቱ ክረምትም ይኸው ደርሶ በቀጣዩ ዓመት በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ኤልኒኞ ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን የሚመጣው ቀድሞውኑ በሞቀ ምድር ላይ ነው።

በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች የአየር ንብረት ለውጥን የሚያዩት ባሕሩ ወደ ቤታቸው ሲጠጋ ነው። የስሜን ሰው ባሕር የለውም። እርሱ የሚያየው ሙቀቱ ወደ ተራራው ሲወጣ ነው። መቶ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ምድር አንድ ዲግሪ ስትሞቅ፣ ብርድ የለመደው ሰብል የቀድሞውን ብርድ ለማግኘት ከ150 ሜትር በላይ መውጣት አለበት ማለት ነው። የባሕር ዳርቻው ሰው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የተራራው ሰው ግን ከተራራው በላይ መሬት የለውም።

■ ወንጀሉ የማን ነው?

ድርቅ በመጣ ቁጥር ከአንዳንዶቻችን አፍ ቶሎ የሚወጣ ንግግር አለ፤ የወንጀላቸው ቅጣት ነው እንላለን። ወንድሜ፣ ቆም በል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም 41ኛው አንቀጽ በየብስና በባሕር ጥፋት የታየው የሰዎች እጆች በሠሩት ምክንያት መሆኑን ይነግረናል። እውነት ነው። ግን የየትኞቹ ሰዎች እጆች? ኢትዮጵያ በሙሉ ወደ ሰማይ የምትለቀው የሚያሞቅ ጋዝ ከዓለሙ አንድ በመቶ አይሞላም። የጃናሞራ ገበሬ ፋብሪካ የለውም፣ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ቤቱ የሚያጨሰው ምድጃ ብቻ ነው። እርሱ ላይ ጣት መቀሰር የተበደለን ሰው ዳግም መበደል ነው። ኢስቲግፋር ማድረግ ሁላችንንም ይመለከተናል፤ ከራሳችን እንጀምር። የሌላውን ረሃብ እንደ ፍርድ ማንበብ ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

በሒጅራ 18ኛው ዓመት መዲና ላይ ከባድ ድርቅ መጣ፤ የረማዳ ዓመት ይባላል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ምን አደረጉ? ዱዓ አደረጉ፣ ሕዝቡን ይዘው ለኢስቲስቃእ ወጡ። ከዚያ ደግሞ ለዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) እህል እንዲልኩ ደብዳቤ ጻፉ። ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስም ቅቤ ላለመቅመስ ወሰኑ። ዱዓው ሥራውን አላስቀረውም፤ ሥራውም ዱዓውን አላስቀረውም።

■ የመርከቡ ሐዲስ

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። ኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመርከብ ላይ ዕጣ ስለተጣጣሉ ሰዎች ምሳሌ ሰጡ። ከፊሉ ላይኛው ፎቅ ደረሰው፣ ከፊሉ ታችኛው። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ላይ ያሉትን ከምናስቸግር በራሳችን ድርሻ ቀዳዳ እንብሳ ብለው አሰቡ። ዝም ከተባሉ ሁሉም ይሰጥማል፤ እጃቸው ከተያዘ ሁሉም ይድናል።

ይህን ሐዲስ ሁሌም መጥፎን ስለመከልከል ስንጠቅሰው እንሰማለን፤ ልክም ነው። ግን አንድ ነገር እናልፋለን። እነዚያ የታችኞቹ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። የተጠሙ ሰዎች ነበሩ። ሌላውን ላለማስቸገርም ያሰቡ ነበሩ። እጃቸውን ይዘህ ብትመልሳቸው መርከቡ ለጊዜው ተረፈ። ጥማቸውስ? ነገም ይጠማቸዋል። እጅ የያዘ ሰው ውኃም ማቀበል አለበት።

በስሜን ተራራ ላይ ይህን አስቡት። እዚህ ቀዳዳው የሚበሳው ከላይ ነው። ቀጥ ያለ ገደል ሲታረስ፣ ሣሩ በልቅ ግጦሽ ሲያልቅ፣ አስታውና ኮሶው ሲቆረጥ፣ ዝናቡ የሚሰርግበት ያጣል። አፈሩን ይዞ ይነጉዳል። ላይ ምንጩ ይደርቃል፤ ታች ቆላው በጎርፍ ይመታል። የዚያ የሁለቱ ጁሙዓዎች ስሞታ በአንድ ተራራ ላይ በአንድ ክረምት ይገናኛል።

ገደሉን የሚያርሰው ሰው ግን ለምን ያርሳል? ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። እናቲቱ እንጨት ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ የምታወርደው ለምንድን ነው? ልጇ ስለራበው ነው። አትቁረጪ ማለት ቀላል ነው። ምን ትብላ የሚለውን መመለስ ነው ከባዱ።

ምሳሌ ላንሳ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። እርሻውና ግጦሹ ፓርኩን ስለተጫነው እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ነዋሪ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር። ፓርኩ ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ዕድሜውን በሙሉ ገብስ ሲዘራና በግ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ኑሮን እንደገና መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡ። የደባርቅ ልጅ ከሆንክ እነዚህ ጎረቤቶችህ ናቸው። መርከቡ እንዲድን እጃቸው የተያዘ ሰዎች ናቸው። ውኃውን ያቀበላቸው አለ ወይ ብለህ ጠይቅ።

■ የእኛ ጉዳይ ነው?

እኛ የከተማ ሰዎች ነን፣ ነጋዴዎች ነን፣ መሬቱ የገበሬው ነው የሚል ይኖራል። ታሪኩን እናውቃለን። በጎንደር ምድር ሙስሊሙ ለዘመናት ርስት እንዳይኖረው ተከልክሎ ኖሯል። አባቶቻችን በሽመናና በሲራራ ንግድ ነው ያደሩት። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄደው የነጋዴ ጉዞ በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ይወርድ ነበር። መሬት ለአራሹ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ ዛሬም ብዙዎቻችን ከእርሻ ይልቅ ለሱቅ እንቀርባለን።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው የሚጠብቀን። ዝናብ ሲጠፋ ገበያው ምን ይሆናል? የእህል ዋጋ ይወጣል፣ የበሬ ዋጋ ይወድቃል። ገበሬው መኖ ስለሌለው በሬውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ በዚያው ቀን እህሉን በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። በዚህ መሃል ያለው ሰው ነጋዴው ነው። አባትህ ነጋዴ ከሆነ፣ አጎትህ እህል በረንዳ ካለው፣ ይህ መልእክት ለቤትህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲቸገር እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅን ኃጢአተኛ ብለውታል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። በክፉ ቀን በረከሰ ዋጋ የተገዛው በሬ ለገዢው ትርፍ ይመስላል። ለሻጩ ግን የመጪው ዓመት እርሻ ነው የተሸጠው። ዝናቡ ቢመለስ እንኳ በምን ይረስ? ለአባትህ ይህን በአክብሮት፣ በለሰለሰ ቃል ንገረው። ትክክለኛ ዋጋ መስጠት ብቻውን ሰውን ከስደት ሊያድን ይችላል።

አብዛኛው ተጎጂ ሙስሊም አይደለም የምትል ነፍስም ካለች፣ ሱረቱ ዩሱፍን ትክፈት። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ሰባት ዓመት ዝሩ፣ ከምትበሉት ጥቂት በቀር እህሉን ሳትወቁ በራሱ ላይ እንዳለ አስቀምጡት የሚለውን ምክር የሰጡት ለማን ነው? እምነታቸው ለተለየ ሕዝብ ነው። ያውም ያለ ጥፋታቸው በታሰሩበት እስር ቤት ውስጥ ሆነው። መጀመሪያ ፍቱኝ እንኳ ሳይሉ ነው የመከሩት። ከዚያ ወዲህ ረሃብን ለመቋቋም ከተሰጡ ምክሮች ሁሉ ይህ ትልቁ ነው፤ በደጉ ዓመት ለክፉው ዓመት መዘጋጀት።

■ ምን እናድርግ?

የባንግላዴሽን ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1970 የቦላ አውሎ ነፋስ የባሕር ዳርቻውን ሲመታ ቢያንስ 300,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የበጎ ፈቃደኞች የማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። ወጣቶች በድምፅ ማጉያ፣ በባንዲራ፣ በመስጂድ ስፒከር ሰውን ያስጠነቅቃሉ፤ አረጋውያንን ተሸክመው ወደ መጠለያ ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ተነሣ፤ በዚያች አገር የሞተው ሰው በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ባሕሩ አልለዘበም። ሰዎቹ ተዘጋጁ እንጂ። አብዛኞቹ እንደ እናንተ ወጣቶች ነበሩ።

እኛም በአቅማችን፦

1. የመስጂዱን ጣሪያ ተመልከቱ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጣሪያው 10 በ20 ሜትር ከሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 4,000 ሊትር ይሰጣል፤ 200 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። አሸንዳና ታንከር ብቻ ነው የሚጎድለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ከአንድ ሊትር ባነሰ ውኃ ነበር። የተረፈው ለጎረቤት ይሁን፣ ሳይጠየቅ ሃይማኖቱ። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ወቅፍ እንዳደረጉት፣ ዘመናችንም የውኃ ወቅፍ ይፈልጋል።

2. ዶማና አካፋ ይዛችሁ ውጡ። በየዓመቱ ከመኸር በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ገበሬው ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ጎርፍ የሚያሰርግ ጉድጓድ ይቆፍራል። አንድ ቀን ከእርሱ ጋር ዋሉ። ስለ እርሱ ከመናገር ከእርሱ ጋር መቆፈር ይበልጣል።

3. ዛፍ ስትተክሉ ለፎቶ አትትከሉ። ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ዛፉ ለተካዩ ሶደቃ እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። የደረቀ ችግኝ ግን ማንም አይበላለትም። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አትትከሉ፤ ውኃውን ይጠጣዋል። ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ ይሁን። መቶ ተክሎ ከመርሳት አሥር ተክሎ ሁለት በጋ መንከባከብ ይሻላል።

4. የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምትና ከበልግ በፊት ትንበያ ያወጣል። ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ገበሬው ጋ ላይደርስ ይችላል። የገበያ ቀን ለሚያውቁት አንድ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ መንገር ኢባዳ ነው።

5. ዘካችሁን አስቡ። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ደክመው ያበቀሉት ከሃያ አንድ ነው። ዝርዝሩን ከዑለማዎች ጠይቁ። ከዘካ ውጭ ያለው ሶደቃ ደግሞ ሰፊ ነው። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በአዲስ አበባ ያላችሁ የአካባቢው ልጆች፣ ረሃብ ሲመጣ የምትልኩት ገንዘብ ነፍስ ያድናል። ረሃቡ ሳይመጣ የምትልኩት ደግሞ ምንጭ ያጎለብታል፣ የዘር ገብስ ይገዛል፣ አንዲት መበለት እርቢ በግዋን እንዳትሸጥ ያደርጋል። ሁለተኛው ፎቶ የለውም፤ አጅሩን ግን አላህ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። በ2013 መገባደጃ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሷል፤ ብዙ ቤት አዝኗል። በዚያው በዳባት አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች ተጠልለዋል። ነጃሺ የመጀመሪያዎቹን ሙሃጅሮች የተቀበሉባት ምድር ዛሬም ድሃ ሆና እንግዳ ትቀበላለች። በጎደለው ማዕድ ላይ ሰው ሲጨመር ምን እንደሚደረግ አሽዐሪዮች አሳይተውናል። ስንቃቸው ሲያልቅ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ ብለው አከበሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከረሱል መቆጠር ለሚመኝ ሰው መንገዱ ይኸው ነው።

ይህ ትንሽ ነው፣ ዓለምን የሚያሞቁት ሌሎች ናቸው፣ የእኔ አሥር ችግኝ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለበት ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ያቺ ችግኝ ፍሬ ልትሰጥ አይደለም። አላህ የሚጠይቀን ስለ ፍሬው ሳይሆን ስለ እጃችን ስለሆነ ነው።

ዛሬ ዓሥር ሳይገባ አንዱን ምረጡ። ከአምስቱ አንዱን ብቻ። ከጀመዓችሁ ሦስት ሰው ጥሩና ቀን ቁረጡ።

ያ ረብ! ጠቃሚ፣ ጉዳት የሌለበትን ዝናብ ስጠን። በኮረብታው፣ በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበት አውርደው። የደባርቅን፣ የዳባትን፣ የጃናሞራን፣ የጠለምትንና የበየዳን ሕዝብ ከረሃብም ከፍርሃትም ጠብቅ። የተሰደደውን ወደ ቀዬው መልስ። ለአገራችን ሰላም ስጥ። ነጋዴዎቻችንን እዝነት ስጣቸው። እጃችን ላይ ያለችውን ችግኝ ሳንተክላት አትውሰደን። አሚን ያ ረበል ዓለሚን።

ሱረቱል ከህፍን አንብቡ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ። ነጋዴ ዘመድ ላላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።